የጠፉ መጻሕፍት አንባቢ

ስለ መጻሕፍት ሒስ ታሪክ ሲወሳ፣ መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው አብዛኛውን ጊዜ በ1665 ፓሪስ ላይ መታተም የጀመረው «ዡርናል ዴ ሳቫን» የተሰኘው መጽሔት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ማተሚያ ቤት ከተስፋፋ፣ መጽሐፍ ሸቀጥ ሆኖ ገበያ ከወጣና ገዢው የትኛውን ገዝቶ የትኛውን እንደሚተው መካሪ ከፈለገ በኋላ ሐያሲ ተወለደ የሚለው አስተያየት፣ ከኢኮኖሚው ሁኔታ አንጻር ሲታይ መሠረት አለው። ይሁን እንጂ ከዚያ 800 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ ገበያም ማተሚያም ባልነበረበት ዘመን፣ ማንም ሳይቀጥረውና ሳይከፍለው፣ ያነበበውን መጽሐፍ እየጠቀሰ፣ ይዘቱን እያሳጠረ፣ ቋንቋውን እየመዘነ የጻፈ አንድ አንባቢ ነበረ። ይኸውም የቁስጥንጥንያው ፎጥዮስ ነው።

ፎጥዮስ የተወለደው በ9ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አሥርት ዓመታት ውስጥ፣ ከባለጸጋና ከቤተ መንግሥት ጋር ከተሳሰረ ቤተሰብ ነው። ወላጆቹ ቅዱሳት ሥዕላትን በሚያሳድዱት ነገሥታት ዘመን ለግዞት ተዳርገው ነበር። እርሱ ግን በኋላ የቤተ መንግሥቱ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ለመሆን በቃ። እንግዲህ እንጀራው የመንግሥት ደብዳቤ ነበር፤ መጽሐፍ ደግሞ ከሥራ መልስ የሚናፍቀው ነገር። ይህን ራሱ መስክሯል። በ858 ታኅሣሥ፣ ከምእመንነት ወደ ፓትርያርክነት በጥቂት ቀናት ውስጥ ከተሾመ በኋላ ለሮማው ጳጳስ ለኒቆላዎስ በላከው ደብዳቤ፣ ያጣውን የቤት ኑሮ እያነሣ ያዝናል። ወደ ቤተ መንግሥት ሲሄድ በር ድረስ እየሸኙ «ቶሎ ተመለስ» ይሉት የነበሩትን፣ ሲመለስም ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠብቁት የነበሩትን የንባብና የክርክር ጓደኞቹን ይናፍቃል። የዚያን ዘመን የሥልጣን ጥም ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ሐዘን የይስሙላ ሊመስለው ይችላል። ሆኖም ስለ መጻሕፍት የተባለው እውነት መሆኑን የኋላ ኑሮው አረጋግጧል። በ867 ከመንበሩ ተሽሮ በተጋዘ ጊዜ ለንጉሠ ነገሥቱ ለባስልዮስ በጻፈው አቤቱታ፣ ከሁሉ አብልጦ የሚያማርረው መጻሕፍቱን መነጠቁን ነው። ይህ ከዚያ በፊት በማንም ላይ ያልተፈጸመ አዲስ ቅጣት ነው እያለ ይከሳል።

በዚያ ዘመን መጽሐፍ መነጠቅ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ዋጋውን ማየት ይበጃል። ከፎጥዮስ አንድ ትውልድ በኋላ የነበረው የቂሳርያው አሬታስ፣ ያስገለበጣቸው መጻሕፍት ሒሳብ በራሳቸው በብራናዎቹ ላይ ተጽፎ ዛሬም ይነበባል። በ888 ለተገለበጠው የኤውክሊድ መጽሐፍ 14 የወርቅ ሳንቲም፣ በ895 ለተገለበጠው የአፍላጦን መጽሐፍ ደግሞ 21 የወርቅ ሳንቲም ከፍሏል፤ ከዚህም 8ቱ ለብራናው ብቻ ነበር። የአንድ ከፍተኛ የቤተ መንግሥት ባለማዕረግ የዓመት ገቢ 72 ሳንቲም ያህል እንደነበር ሲታሰብ፣ መጽሐፍ መምረጥ የማን ዕድል እንደነበር ግልጽ ይሆናል። ገበሬው፣ አንጥረኛው፣ የወደቡ ተሸካሚ ታሪክን በጆሮው እንጂ በዓይኑ አያውቀውም ነበር።

ማስታወሻዎቹ የተጻፉበት ምክንያት ቀላል ነው። ፎጥዮስ ወደ ዐረቦቹ ኸሊፋ ግዛት ከሚላኩት መልእክተኞች አንዱ ሆኖ ታጨ። መንገዱ ረጅም፣ መመለሱ ያጠራጠረ ነው። ወንድሙ ታራስዮስ፣ እርሱ ባልነበረበት ጊዜ በጓደኞች ማኅበር የተነበቡትን መጻሕፍት ፍሬ ነገር ጽፎ እንዲተውለት ለመነው፤ ለመለያየቱም ማጽናኛ እንዲሆነው ነበር። ፎጥዮስ አንድ ጸሐፊ አስቀምጦ፣ ትዝ እንዳሉት፣ ቅደም ተከተል ሳይጠብቅ የ279 መጻሕፍት ማስታወሻ እንዳጻፈ በመቅድሙ ይገልጻል። ዛሬ የሚታወቀው ቁጥር 280 ሲሆን፣ አንዱ ማስታወሻ ብዙ ድርሰት የሚይዝበት ጊዜ ስላለ የድርሰቶቹ ብዛት ከ380 በላይ ይደርሳል። «ቢብሊዮቴካ»፣ ማለትም «ቤተ መጻሕፍት»፣ የሚለውን ስም የሰጠው የኋላ ዘመን ነው። ሁሉ ነገር ከትዝታ ተጻፈ የሚለውን ቃል ግን ምሁራን አይቀበሉትም። በተለይ በመጨረሻው ክፍል ያሉት ጥቅሶች ዛሬ በእጅ ካሉት መጻሕፍት ጋር ሲተያዩ ቃል በቃል የሚገጥሙ ስለሆኑ፣ መጽሐፉን ወይም በንባብ ጊዜ የያዘውን ማስታወሻ ከፊቱ ዘርግቶ መሆን አለበት።

እያንዳንዱ ማስታወሻ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች፣ የሚጀምረው በአንድ ቃል ነው፤ «ተነበበ» ይላል። ከዚያ የደራሲው ስም፣ የመጽሐፉ ርእስና የክፍሎቹ ብዛት፤ ቀጥሎ ይዘቱ፤ በመጨረሻ የቋንቋው ምዘና። አንዳንዱ በሁለትና በሦስት መስመር ያልቃል፤ ሌላው ብዙ ገጽ ይሞላል። የልቡ ፍላጎት ሲመራው እንጂ የመጽሐፉ ክብደት ሲያስገድደው አይታይም። ያላገኘውን ክፍል አላገኘሁም ይላል፤ የሰለቸውን ሰለቸኝ ይላል። የትራሌሱ ፍሌጎን ታሪክን በኦሎምፒያድ ጨዋታዎች ዘመን እየከፋፈለ በጻፈው መጽሐፍ ላይ የአሸናፊዎች ስምና የጠንቋዮች ቃል ስለበዛ፣ ፎጥዮስ አምስተኛውን ክፍል ካነበበ በኋላ መታከቱን አልደበቀም።

የምዘናው ሚዛን ግልጽነት፣ ጥራትና ጣዕም ነው። ሄሮዶቱስን የኢዮንያ ግሪክኛ ምሳሌ አድርጎ ያከብረዋል፤ ተረት ማብዛቱን ግን አያልፍለትም። የአኪሌስ ታትዮስን የፍቅር ልብ ወለድ አጻጻፉን አሞግሶ ብልግናውን ያወግዛል። ስለ ፌዘኛው ሉቅያኖስ ሲናገር፣ ሰውዬው የሌላውን እምነት ሁሉ እያፈረሰ የራሱን እንደማይገልጽ፣ ምናልባትም እምነቱ በምንም አለማመን ሳይሆን እንደማይቀር ይገምታል። ሐያሲው ሃይማኖተኛ ነበር፤ ሆኖም ከአረማዊውም ከመናፍቁም መጽሐፍ አልሸሸም። መናፍቅ ያለውን ደራሲ ቋንቋው ጥሩ ከሆነ ጥሩ ነው ይለዋል፤ ጻድቅ ያለውንም ቋንቋው ከደከመ ደከመ ይለዋል።

ነገር ግን ሚዛኑ የመደቡ ሚዛን እንደነበር መታወቅ አለበት። ጥሩ ግሪክኛ ማለት ለእርሱ ከ1,000 ዓመት በፊት የነበረው የአቴናውያን ግሪክኛ ነበር። ሕዝቡ በየመንገዱ የሚናገረው «ተራ» ተብሎ ይናቃል። የቴብሱ ኦሎምፒዮዶሮስ ከ407 እስከ 425 ያለውን የሮማ መንግሥት ውድቀት በ22 ክፍል ሲጽፍ፣ የዘመኑን ቃላት ሳይሸሽግ ተጠቅሟል፤ መጽሐፉንም በትሕትና «ለታሪክ የሚሆን ጥሬ ዕቃ» ብሎታል። ፎጥዮስ ይህን ቃል ተቀብሎ፣ እውነትም ታሪክ ሊባል የማይገባው ተራ አጻጻፍ ነው ብሎ ፈረደበት። ከፈረደበት በኋላ ግን ደግነቱ አሸነፈውና ብዙ ገጽ ጠቅሶለታል። ደራሲው 20 ዓመት አብሮት የኖረ፣ የሚዘፍን፣ የሚደንስ፣ ሰውን በስሙ የሚጠራ በቀቀን እንደነበረው ሳይቀር ጽፎልናል። 22ቱ ክፍሎች ጠፍተዋል፤ በቀቀኑ ግን አለ።

ለባለቅኔና ለቴያትር ሰው የሚከብደው ሌላው ጉድለት ነው። በዚህ ሁሉ ንባብ ውስጥ ሆሜር የለም፤ ሶፎክልስ የለም፤ ከእነርሱም ወገን ማንም የለም። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት፣ እነዚያ በትምህርት ቤት የሚነበቡ ስለነበሩ ታራስዮስ ማስታወሻ አያስፈልገውም የሚል ነው፤ ፎጥዮስም በመቅድሙ በእጅ ያሉትንና ሁሉ የሚያነባቸውን እንደሚያልፍ ጠቁሟል። ምክንያቱ ግን ሁሉን አይሸፍንም። በግጥም ከተጻፉት ጥቂት መጻሕፍት አንዱን፣ የንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ ካልዕ ባለቤት ንግሥት ኤውዶክያ የኦሪትን መጻሕፍት በግጥም የጻፈችበትን፣ ሲያመሰግን፣ ያመሰገናት ባለቅኔዎች እንደሚያደርጉት ነገሩን በፈጠራ ስላልለወጠች፣ ከመጀመሪያው ጽሑፍ ስላልራቀች ነው። ግጥምን ግጥም ባለመሆኑ ማመስገን ይሏል ይህ ነው።

ከ380ዎቹ ድርሰቶች እኩሌታ ያህሉ ዛሬ ጨርሰው ጠፍተዋል ወይም በሙሉ አልደረሱንም። ክቴስያስ የተባለው የፋርስ ቤተ መንግሥት ሐኪም በ23 ክፍል የጻፈው የፋርስ ታሪክ፣ አንቶንዮስ ዲዮጌኔስ «ከቱሌ ባሻገር ያሉ ድንቆች» ብሎ የደረሰው ባለ24 ክፍል ልብ ወለድ፣ የሚታወቁት በአብዛኛው በዚህ ሰው ማስታወሻ ነው። ለወንድም ተብሎ የተጻፈ የግል ደብዳቤ፣ ሳያስበው የሙታን መጻሕፍት መዝገብ ሆነ። መዝገቡም ከ10ኛውና ከ12ኛው መቶ ዓመት በተረፉ ሁለት የብራና ቅጂዎች ላይ ቆሟል። ሁለቱም ካርዲናል ቤሳርዮን በ1468 ለቬኒስ ካወረሳቸው መጻሕፍት ጋር የተገኙ ናቸው። የግሪክኛው ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1601 በአውግስቡርግ፣ በዳቪድ ሄሸል እጅ ነው።

ነገሩ ኢትዮጵያን የሚነካውም እዚህ ላይ ነው። ፎጥዮስ ስለ አክሱም መንግሥት የሚናገሩ ሁለት የ6ኛው መቶ ዓመት መጻሕፍት አንብቧል። አንዱን ንቋል፤ አንዱን ወዷል።

የናቀው የኮስማስን ነው። ኮስማስ በቀይ ባሕር የተመላለሰ የእስክንድርያ ነጋዴ ሲሆን፣ የንግግር ትምህርት ያላገኘ፣ ዕድሜውን በንግድ ያሳለፈ መሆኑን በመጽሐፉ ይናዘዛል። ፎጥዮስ ቋንቋውን ዝቅተኛ፣ አቀነባበሩን ከተራም በታች አለው። ሰማይ እንደ ጓዳ ጣሪያ ነው፣ ምድርም ክብ አይደለችም ማለቱን ጠቅሶ፣ ከሚታመን ጸሐፊ ይልቅ ተረት ፈጣሪ እንደሚመስል ደመደመ። ስለ ምድር ቅርጽ ፍርዱ ትክክል ነው። ነገር ግን ኮስማስ በዚያው መጽሐፍ ውስጥ፣ ንጉሥ ካሌብ ወደ ሒምያር ለመዝመት ሲሰናዳ በአዱሊስ ተገኝቶ፣ የከተማይቱ ገዥ በንጉሡ ትእዛዝ ስለጠየቀው ከሜናስ ጋር ሆኖ በእብነ በረዱ ዙፋንና በአጠገቡ በቆመው ድንጋይ ላይ የተቀረጸውን የግሪክኛ ጽሑፍ መገልበጡን ይናገራል። ሁለቱ ጽሑፎች የአንድ ንጉሥ መስለውት አያያዛቸው እንጂ፣ የድንጋዩ የግብጹ የበጥሊሞስ ሣልሳዊ፣ የዙፋኑ ደግሞ ስሙ ያልተገኘ የአክሱም ንጉሥ ነው። ዙፋኑም ድንጋዩም ዛሬ የሉም፤ ቃላቸው የተረፈው በነጋዴው ቅጂ ብቻ ነው። የአክሱም ነጋዴዎች በሳሱ አገር ሥጋ፣ ጨውና ብረት በእሾህ አጥር ላይ አስቀምጠው ወርቅ እንዴት ይለውጡ እንደነበርም የነገረን ይኸው ሰው ነው። ፎጥዮስ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላነሣም። ደግነቱ የኮስማስ መጽሐፍ በሌሎች ገልባጮች እጅ ተርፎ እስከ ዛሬ ደርሷል።

የወደደው የኖኖሶስን ነው። ኖኖሶስ የዲፕሎማት ልጅና የዲፕሎማት የልጅ ልጅ ነበር። በዮስጢንያኖስ ዘመን ሦስት ጉዳይ ተሰጥቶት ተላከ፤ ወደ ኪንዳ ዐረቦች አለቃ ወደ ቀይስ፣ ወደ አክሱም ንጉሥ ወደ እለ አጽብሐ (ካሌብ)፣ እና ወደ ሒምያሮች። የጉዞውንም ታሪክ ጽፎ ነበር። መጽሐፉ ጠፍቷል። የቀረው ፎጥዮስ ሦስተኛ ቁጥር ሰጥቶ የመዘገበው ማስታወሻ ነው፤ በኅትመት ጥቂት ገጽ ቢሆን ነው። ኖኖሶስ በካሌብ ፊት ምን እንደተናገረ፣ ንጉሡ ምን እንደመለሰ፣ አደባባዩ ምን እንደሚመስል እዚያ አይገኝም። ፎጥዮስ የመረጠው ሌላ ነገር ነው። አክሱም እጅግ ታላቅ ከተማና የኢትዮጵያ ሁሉ መናገሻ እንደምትመስል፤ ከአዱሊስ እስከ እርሷ የ15 ቀን መንገድ እንደሆነ፤ በመካከሉ አውኤ በተባለው ስፍራ መልእክተኞቹ በሰፊ ሜዳ ላይ ወደ 5,000 የሚጠጉ ዝሆኖች ሲግጡ ማየታቸውን፤ የአገሩ ሰው ሊጠጋቸውም ከግጦሹ ሊያባርራቸውም እንደሚቸገር ጽፏል። ከአውኤ ወደ አዱሊስ በጋ ሲሆን፣ ከአውኤ ወደ አክሱም ግን ሰማዩ ጠቁሮ ዝናብ እንደሚወርድ፣ በዚያም ጊዜ ዓባይ ግብጽን እንደሚያጥለቀልቅ ጨምሯል። ከደጋ ወደ ባሕር ዳርቻ ወርዶ ለሚያውቅ ሰው ይህ ብርቅ አይደለም፤ ቁስጥንጥንያ ተቀምጦ ለሚያነብ ግን ከዝሆኖቹ ያልተናነሰ ተአምር ነበር።

መጨረሻ ላይ ፎጥዮስ በፋርሳን ደሴት አጠገብ መልእክተኛው ያጋጠሙትን፣ ቁመታቸው አጭር፣ ገላቸው ጠጉራም፣ ቋንቋቸውን ማንም የማያውቀው ሰዎች ያነሣል። ከዚያ ማስታወሻው ያበቃል። ከሥሩ አራተኛው ቁጥር ይጀምራል። ተነበበ፤ የአንጾኪያው ቴዎዶሮስ፣ ለባስልዮስ ተከራክሮ በኤውኖምዮስ ላይ የጻፈው፣ 25 ክፍል።