በሰፈሩት ቁና

የአንድን ሙያ ታሪክ ለማወቅ ስፈልግ ከታሪክ መጻሕፍቱ አስቀድሜ የማየው ሙያው ለጀማሪዎቹ የሚሰጠውን የትምህርት ዝርዝር ነው። ታሪክ ጸሐፊ ሊያዳላ ይችላል። የትምህርት ዝርዝር ግን ሙያው በየዘመኑ ምን እንደ ጎደለው ሳይታወቀው ይናገራል። ከብዙዎቹ ኮርሶች ጀርባ አንድ የተበደለ ሰው አለ ብል ማጋነን አይመስለኝም።

በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የወደድሁት በአሜሪካ የትምህርት ቤት ሥነ ልቦና ባለሙያ የሚሠለጥንበትን መንገድ ነው። ይህ ባለሙያ ትምህርት የከበደውን፣ ከጓደኞቹ ጋር መግባባት የተሳነውን ወይም በኀዘንና በፍርሃት የተያዘውን ተማሪ የሚመረምር፣ መምህሩንና ወላጁንም የሚያማክር ሰው ነው። በአገሪቱ የሙያ ማኅበር መመዘኛ መሠረት ወደ ሙያው የሚገባ ሰው ከመጀመሪያ ዲግሪው በኋላ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይማራል፤ ቢያንስ 60 የድኅረ ምረቃ ክሬዲት ይወስዳል። በመጨረሻም ቢያንስ 1,200 ሰዓት በተግባር ይለማመዳል፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 600 ሰዓቱ በትምህርት ቤት መሆን አለበት። የልጆች እድገት፣ ልኬትና ስታቲስቲክስ፣ የምክር አገልግሎት፣ ሕግና ሥነ ምግባር፣ የቋንቋና የባህል ልዩነት፣ ከመምህራንና ከወላጆች ጋር መመካከር፤ ዝርዝሩ ረጅም ነው።

አንባቢ «ለአንድ ልጅ ፈተና ሰጥቶ ነጥቡን ለመደመር ይህ ሁሉ ዓመት ምን ያደርጋል?» ብሎ ቢጠይቅ አልፈርድበትም። ጥቂት ሳምንት ይበቃል ተብሎ የታመነበት ዘመን ነበረና። አባቶቻችን «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይላሉ። የዚህ ሙያ ታሪክ ለዚህ ተረት ማስረጃ የቆመ ይመስለኛል። ልጆችን ሲሰፍር የኖረው ሙያ ራሱ ተሰፍሮ ጎድሎ ተገኝቷል፤ ጉድለቱም ኮርስ ሆኖ ተጽፏል። እስኪ ከመነሻው እንየው። (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ የተጀመረው በፈተና ሳይሆን በአንዲት መምህርት ጥያቄ ነበር። በማርች 1896 ማርጋሬት ማግዋየር የተባለች የፊላዴልፊያ መምህርት በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ወደሚያስተምራት ወደ ላይትነር ዊትመር አንድ የ14 ዓመት ልጅ ይዛ ሄደች። ልጁ በሌላው ነገር ደኅና ሆኖ ሳለ ቃላትን አስተካክሎ መጻፍ አልሆንልህ ብሎት ነበር። ዊትመር በጀርመን አገር በላይፕሲግ የተማረ፣ የቤተ ሙከራ ሰው ነው። ሳይንሱ እውነተኛ ከሆነ ለዚህ ልጅ ሊጠቅመው ይገባል ብሎ መረመረው፤ ዓይኑ ላይ ችግር እንዳለበትም ደረሰበት። ልጁ መነጽር ተደረገለት፤ ከዚያም በትዕግሥት ማንበብ ያስተምሩት ጀመር። በዚያው ዓመት የተመሠረተው የዊትመር ክሊኒክ የዓለም የመጀመሪያው የሥነ ልቦና ክሊኒክ እየተባለ ይጠራል። እኔን የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ያን ጊዜ ለልጁ የሚለጠፍለት ቁጥር አልነበረም። የመምህርቷ ጥያቄ «ይህ ልጅ ስንት ነው?» ሳይሆን «ይህን ልጅ ምን ያዘው?» የሚል ነበር።

ቁጥሩ የመጣው ከፓሪስ ነው። አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን በ1905 ፈተናቸውን ሲያወጡ ዓላማቸው በመደበኛው ክፍል መማር ያቃታቸውን ልጆች ለይቶ የሚስማማቸውን ትምህርት መስጠት ነበር። ቢኔ የሰው የማሰብ ችሎታ ከልደት የተወሰነና የማይለወጥ ነው የሚለውን አስተሳሰብ አጥብቆ ተቃውሟል። በ1911 ሲሞትም ይህን እምነቱን አልለወጠም። ፈተናው አትላንቲክን ሲሻገር ግን ማስጠንቀቂያው ወደብ ላይ ቀረ። ሄንሪ ጎዳርድ በ1908 ፈተናውን ወደ እንግሊዝኛ አስተረጎመው፤ በኒው ጀርሲ በቫይንላንድም ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወራት መምህራንን እየሰበሰበ እንዲፈትኑ ያሠለጥን ነበር። ሉዊስ ቴርማን ደግሞ በ1916 የስታንፎርድን እትም አወጣ፤ «አይ ኪው» የሚባለውም ቁጥር በአገሩ ሁሉ ተሠራጨ። ሁለቱም ችሎታ በዘር የሚወረስ ነው ብለው ያምኑ ነበር።

በመካከሉ በ1915 የኮነቲከት ግዛት አርኖልድ ጌዜልን በየገጠር ትምህርት ቤቱ እየዞረ ልጆችን እንዲመረምር ቀጠረው። «የትምህርት ቤት ሥነ ልቦና ባለሙያ» በሚል ማዕረግ በይፋ የተቀጠረ የመጀመሪያው ሰው እርሱ እንደ ሆነ ይነገራል። ጌዜል በሥነ ልቦና ዶክትሬት ነበረው፤ የሕክምና ዲግሪውንም ያገኘው በዚያው ዓመት ነው። እንደ እርሱ ሁለቱን የያዘ ሰው ግን ብርቅ ነበር። ማዕረጉ ከሥልጠናው ቀድሞ ተወለደ ማለት ነው፤ ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሰናዳ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ገና አልነበረምና።

ሰፋሪው ሳይሠለጥን ቁናው በየትምህርት ቤቱ ሲዞር ምን እንደ ደረሰ ለማወቅ ወደ ኒው ዮርክ ወደ ሃርለም መሄድ ይበቃል። ማሚ ፊፕስ ክላርክ በ1943 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን ያገኘች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። በ1946 ከባለቤቷ ከኬኔት ክላርክ ጋር በሃርለም የሕፃናት ማእከል ከፈተች። ወላጆች «ልጆቻችን የአእምሮ ዘገምተኛ ተብለው በልዩ ክፍል ተመደቡብን» እያሉ ይመጡ ጀመር። ልጆቹ እንደ ገና ሲመረመሩ ብዙዎቹ ያለ አግባብ የተመደቡ ሆነው ተገኙ። ፈተናው ወረቀት ነው፤ ከልጁና ከወረቀቱ መካከል ግን ሰው አለ። ያ ሰው ማን ነው? ምንስ ተምሯል? ጥያቄው ከዚያ ወዲህ አልበረደም።

ሜይ 17 ቀን 1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በብራውን ጉዳይ የዘር መለያየትን ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚያስወግደውን ውሳኔ ሰጠ፤ በግርጌ ማስታወሻውም የኬኔት ክላርክን ጽሑፍ ጠቀሰ። በዚያው ዓመት በኦገስት መጨረሻ 48 ባለሙያዎች በዌስት ፖይንት በታየር ሆቴል ለአሥር ቀናት ተሰበሰቡ። አጀንዳቸው የትምህርት ቤት ሥነ ልቦና ባለሙያ ምን ይሥራ፣ እንዴትስ ይሠልጥን የሚል ነበር። አንዱ የአራት ዓመት የዶክትሬት፣ ሌላው የሁለት ዓመት የድኅረ ምረቃ፣ ሁለቱም በተግባር ልምምድ የታገዙ የሥልጠና ደረጃዎች እንዲኖሩ ሐሳብ አቀረቡ። የዛሬው የትምህርት ዝርዝር አጽም ከዚያ ስብሰባ የወጣ ነው።

አጽሙ ሥጋ የለበሰው ግን በፍርድ ቤት ደጃፍ ነው። በ1970 በካሊፎርኒያ ዲያና በሚል ስም በሚታወቀው ክስ ዘጠኝ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ልጆች ጉዳይ ቀረበ። የቤታቸው ቋንቋ ስፓኒሽ ሆኖ ሳለ በእንግሊዝኛ ተፈትነው ዘገምተኛ ተብለው ነበር። በስፓኒሽ ሲፈተኑ አብዛኞቹ ከወሰኑ በላይ ሆኑ፤ ጉዳዩም ልጆች በቤታቸው ቋንቋ እንዲመረመሩ በስምምነት ተዘጋ። በ1971 ደግሞ የሳን ፍራንሲስኮ ጥቁር ልጆች ወላጆች ላሪ ፒ. በሚል ስም ከሰሱ። ዳኛው ሮበርት ፔካም በ1979 ባሳለፈው ፍርድ ጥቁር ልጆችን በአይ ኪው ፈተና እየለዩ በዚያ ዓይነት ክፍል መመደብን ከለከለ። በሁለቱ መካከል በ1975 የወጣው የፌዴራል ሕግ ምርመራው በዘርና በባህል የማያዳላና በልጁ ቋንቋ የሚካሄድ እንዲሆን አዘዘ፤ ዕጣውም በአንድ ፈተና ብቻ እንዳይወሰን ከለከለ።

አሁን የትምህርት ዝርዝሩን እንደ ገና ላንብበው። የቋንቋና የባህል ልዩነት የሚለው ኮርስ የዲያና ነው። የፈተናን አድልዎ መመርመር የሚያስተምረው የላሪ ነው። ሕግና ሥነ ምግባር የ1975 ነው። ከመምህራን ጋር መመካከር የሚለውን ሳነብ ልጁን ይዛ የመጣችው የፊላዴልፊያዋ መምህርት ትታየኛለች። ፈተና መስጠት በጥቂት ሳምንታት ይለመድ ይሆናል። ዓመታቱ የሚያልፉት ፈተናው ሊናገር የማይችለውን በማወቅ ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በ1984 እና በ1985፣ ኋላም በ1991 ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱ ልጆችም በማያውቁት ቁና ፊት ቆመዋል። በጨዋ ደንብ ያደገ ልጅ ከማያውቀው ታላቅ ሰው ፊት ሲቀርብ አንገቱን ይደፋል፤ ካልገፉትም አይናገርም። ለፈተናው ግን ዝምታ ዜሮ ነው። ከሮማኒያ የመጣው እስራኤላዊ ሊቅ ሩቨን ፎየርስታይን ከሆሎኮስት ከተረፉና ከሰሜን አፍሪካ ከመጡ ልጆች ጋር ሲሠራ የተለየ መንገድ ቀይሶ ነበር። መጀመሪያ ትፈትናለህ፤ ቀጥሎ ታስተምራለህ፤ ከዚያ እንደ ገና ትፈትናለህ። የሚለካው ልጁ የሚያውቀው ብቻ ሳይሆን ሲያስተምሩት የሚራመደው ርቀት ነው። በዚህ መንገድ በትውልደ ኢትዮጵያ የአንደኛ ክፍል ልጆች ላይ ተደርጎ በ1999 የታተመ ጥናት በመጀመሪያው ፈተና ከእስራኤል ተወላጆቹ በጣም ዝቅ ብለው የነበሩት ልጆች ከአጭር ትምህርት በኋላ ልዩነቱን እጅግ እንዳጠበቡት አሳይቷል። ቢኔ ይህን ቢያይ ደስ የሚለው ይመስለኛል።

በአገራችን ቁና ከገበያ ገበያ ይለያይ ነበር። ስለዚህ ሻጭና ገዢ ከመሰፈሩ በፊት «በየትኛው ቁና?» ይባባሉ ነበር። ዛሬ በአሜሪካ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ይህን ጥያቄ የመጠየቅ መብት በሕግ ተሰጥቷቸዋል። ልጅ ለልዩ ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ ከመመርመሩ በፊት የወላጅ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ፈቃዱም ነገሩ በሚገባው ቋንቋ ተገልጾለት መሆን አለበት። በስብሰባው ላይ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። እናት ወይም አባት ፈቃዱ ላይ ከመፈረማቸው በፊት ልጄ በየትኛው ቋንቋ ይመረመራል፣ ከፈተናው ሌላስ ምን ይታያል ብለው ቢጠይቁ የሚያስቀይሙት ሰው የለም። በደንብ የሠለጠነ ባለሙያ ከሆነ ጥያቄውን ሲጠብቅ ያገኙታል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የተማረው እርሱን ነውና።