ከልብስ አጣቢዎቹ በታች የሞቱት ቀንድ አውጣዎች

ነጠላና ጋቢ ያለ ኦሞ እንዴት ይነጣ እንደነበር አያቶቻችሁን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ካልጠየቃችሁ ዛሬውኑ ጠይቁ። መልሱ ብዙውን ጊዜ አንድ ቃል ነው፦ እንዶድ። በትግርኛ ሽብቲ፣ በኦሮምኛ እንዶዴ ይባላል። አጥርና ዛፍ ላይ እየተንጠላጠለ የሚያድግ ቁጥቋጦ ነው። ትንንሽ ፍሬዎቹ ደርቀው ይወቀጣሉ፣ በውሃ ይዘፈዘፋሉ፣ ከዚያ ልብሱ ላይ ሲታሹ አረፋቸው ኩፍ ይላል። አረፋውን የሚሰጡት ሳፖኒን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ቆሻሻና ቅባትን ከጨርቅ ያላቅቃሉ።

ይህ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ አረፋ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1964 አክሊሉ ለማ የሚባሉ ወጣት ኢትዮጵያዊ ባዮሎጂስት ዐድዋ ነበሩ። የሄዱት ቢልሃርዝያን ለማጥናት ነው፤ በትክክል ለመናገር ደግሞ በሽታውን የሚያስተላልፉትን የውሃ ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት። በወንዙ ዳር እየዞሩ ቀንድ አውጣ ሲፈልጉ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ትንሽ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አሉ። ከቦታው ራቅ ሲባል ግን በሕይወት ያሉት ይበዛሉ።

ብዙ ሰው ይህን አይቶ ያልፈው ነበር። እሳቸው ግን ቆሙ። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን ሰብስበው ሴቶቹ የሚያጥቡበት አረፋ ውስጥ ጨመሯቸው። ሞቱ። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ የዚህ ሙከራ ቀላልነት ነው። መሣሪያው አንድ ዕቃ፣ ትንሽ አረፋና ጥቂት ቀንድ አውጣ ብቻ! በ1965 የመጀመሪያው ዘገባ በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ።

ቀንድ አውጣ መግደል ለምን ይህን ያህል አስፈላጊ ሆነ? ለዚህ የትሉን ኑሮ ማወቅ ያስፈልጋል። ቢልሃርዝያን የሚያመጣው ትል በሰው የደም ሥር ውስጥ ይኖራል። በዐድዋ የነበረው ዓይነት መኖሪያው በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ነው። እንቁላሉ ከሰገራ ጋር ይወጣል፤ ሰገራው ወንዝ ከገባ እንቁላሉ ይፈለፈልና ዋናተኛ እጭ ይወጣል። እጩ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ተስማሚ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ያልቅለታል። ካገኘ ግን ውስጡ ገብቶ ይራባል፤ ከአንድ እጭ የሚነሱት ትውልዶች ሺዎች ይሆናሉ። እነዚህ አዲስ እጮች ከቀንድ አውጣው ወጥተው ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ቆዳ ሲያገኙ ሰርስረው ይገባሉ። በተለይ የሚወጡት ደግሞ ፀሐይ ጠንከር በሚልበት በእኩለ ቀን አካባቢ ነው። ልጆች የሚዋኙበት፣ እናቶች ልብስ የሚያጥቡበት፣ ውሃ የሚቀዳበት ሰዓት!

እንግዲህ ቀንድ አውጣው ድልድይ ነው። ድልድዩ ከተሰበረ ትሉ ከሰው ወደ ሰው መሻገሪያ አያገኝም። ይህንን ሐሳብ የዓለም ሳይንቲስቶች ከአክሊሉ በፊትም ያውቁት ነበር፤ ለዚሁ የተሠራ ኒክሎሳማይድ የሚባል ኬሚካልም ነበረ። ችግሩ ዋጋው ነው። በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ ከውጭ መጥቶ፣ ወንዝ ላይ እየተረጨ፣ ያውም በየጊዜው እየተደገመ። በአንጻሩ እንዶድ አጥር ላይ በቅሏል።

ነገሩ ግን «ፍሬውን ወንዝ ውስጥ መበተን» ብቻ አልነበረም። እንዶድ ቀንድ አውጣውን ይገድላል እንጂ እንቁላሉን አይገድልም፤ ስለዚህ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አዲሶቹ ይፈለፈላሉ። ዓሣንም ይገድላል። (ብርብራ ለዓሣ ማስገሪያ የሚወቀጥበትን አካባቢ የምታውቁ ይህ አይገርማችሁም፤ በውሃ ውስጥ የሚተነፍስ ፍጡር ለእንዲህ ያለ የዕፅዋት መርዝ ደካማ ነው።) ጥሩ ጎኑ ቶሎ ፈርሶ ከውሃው መጥፋቱ ነው። በተጨማሪ ሁሉም እንዶድ እኩል ኃይል የለውም። ይህን ያጣሩት የአክሊሉ የሥራ ባልደረባ ለገሠ ወልደዮሐንስ ናቸው። ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ቦታዎች የእንዶድ ዝርያዎችን ሰብስበው፣ ተክለው፣ አወዳድረው «ዓይነት 44» የተባለውን ከብርቱዎቹ መካከል መረጡ። ስለ አክሊሉ ሲወራ የእሳቸው ስም ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ትክክል አይመስለኝም።

ከ1969 እስከ 1974 ዐድዋ ከተማ ራሷ የሙከራ ቦታ ሆነች። አምስት ዓመት ሙሉ ወንዞቿ በእንዶድ ታከሙ። ተመራማሪዎቹ ከሁሉ በላይ ያተኮሩት ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ነበር። ምክንያቱም ትሉ በሰው ውስጥ ዓመታት ይኖራል፤ አንድ ትልቅ ሰው ዛሬ ቢመረመርና ቢገኝበት በሽታው የቆየ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ልጅ ላይ ከተገኘ ግን በቅርቡ የያዘው ነው፤ ስለዚህ ልጆቹ ወንዙ ዛሬ ምን እንደሚመስል ይናገራሉ። ውጤቱ፦ በእነዚህ ሕፃናት መካከል የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። በጠቅላላው ሕዝብ ደግሞ ከ63 ወደ 33 በመቶ።

ከዚህ በኋላ ምን የሚሆን ይመስላችኋል? እኔ ተማሪ ሳለሁ ይህን ሳነብ በማግስቱ አገር ሁሉ እንዶድ የተከለ መስሎኝ ነበር።

አልሆነም። ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች እንዶድ ለሰው አደገኛ አለመሆኑ በታወቀ ደረጃ ይረጋገጥ አሉ። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ጥያቄው ሞኝ ጥያቄ አይደለም። እንዶድ መርዛማ ነው፤ ለመድኃኒት ብለው የጠጡ ሰዎችን ገድሏል። (እባካችሁ ማንም አይሞክረው!) «እናቶቻችን ለዘመናት ልብስ አጥበውበታል» ማለትም ለሚጠጣ ውሃ በቂ ማስረጃ አይሆንም። ዓለም አቀፉ ደረጃ ግን ልዩ ፈቃድና መሣሪያ ያለው ላቦራቶሪ ይፈልጋል፤ ያ ላቦራቶሪ ኢትዮጵያ ውስጥ የለም፤ ውጭ አገር ለማስመርመር ደግሞ ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል። ኩባንያ እንዳይከፍል፣ ማንም አጥሩ ላይ ሊተክለው ከሚችል ፍሬ ምን ያተርፋል? አክሊሉም የአፍሪካ ሳይንቲስት በአፍሪካ የሠራው ጥናት ሌላው የሚሰጠውን ያህል እምነት እንደማይሰጠው በአደባባይ ይናገሩ ነበር። ነገሩ ለዓመታት ተጓተተ። በመጨረሻ በ1980ዎቹ በካናዳ መንግሥት የምርምር ድርጅት ድጋፍ ምርመራው ተደረገ። ዋና ዋናዎቹ ችግሮች ዓይንን ማስቆጣቱና ዓሣን መጉዳቱ መሆናቸው ታየ። የመጀመሪያው ሙከራ ከተደረገ ሩብ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር።

በዚያ መሃል ዓለም ተለውጧል። ኢትዮጵያ ውስጥ አብዮት ፈነዳ፤ አክሊሉ አገር ለቀው ለተባበሩት መንግሥታት ሊሠሩ ሄዱ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን መጣ። ሰው ውስጥ ያለውን ትል በአንድ ጊዜ መጠን ይገድላል። የጤና ፖሊሲ አውጪዎች ዓይን ከወንዙ ወደ ክኒኑ ዞረ። በ1989 አክሊሉና ለገሠ «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ሲቀበሉ፣ እንዶድ በመንግሥታት የጤና ፕሮግራሞች ውስጥ ገና ቦታ አላገኘም።

ሌላ ነገር ደግሞ ተፈጠረ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የሰሜን አሜሪካን ታላላቅ ሐይቆች «የሜዳ አህያ» የተባለ ባለ ጭረት ጥለት ዛጎል ለበስ ፍጡር ወረራቸው። በመርከብ የሚዛን ውሃ ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ የከተሞችንና የኃይል ማመንጫዎችን የውሃ ቧንቧ ይደፍናል። ይህ ፍጡር የቀንድ አውጣ ዘመድ ነው። አክሊሉ በ1990 ኦሃዮ በሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ እንዶድ በእሱ ላይ እንዲሞከር ሐሳብ አቀረቡ፤ ሠራ። ዩኒቨርሲቲው ለዚህ አጠቃቀም ፓተንት ወሰደ፤ አክሊሉም ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆነው ተመዘገቡ። የዐድዋ ሴቶች ግን በወረቀቱ ላይ የሉም። ታዲያ ዕውቀቱ የማን ነው? ለዘመናት አረፋውን የተጠቀሙት? ሬሳውን ያስተዋሉት? ወይስ ወረቀቱን ያስመዘገበው?

ይህ ጥያቄ በሌሎች አገሮች ከተፈጠሩ ተመሳሳይ ጉዳዮች ጋር ሆኖ እስከ ድርድር ጠረጴዛ ደረሰ። በ1992 የብዝሃ ሕይወት ስምምነት ሲፈረም አገሮች በዕፅዋታቸው ላይ መብት እንዳላቸው ተጻፈ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ድርድሮች የአፍሪካን ወገን ከመሩት አንዱ ሌላ ኢትዮጵያዊ ባዮሎጂስት፣ የዕፅዋት ሥነ ምህዳር ባለሙያው ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ነበሩ። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የጄኔቲክ ሀብት አገኛኘትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 482 አወጣች። ዛሬ አንድ የውጭ ተመራማሪ የእንዶድ ዘር ይዞ ለመውጣት ቢፈልግ ፈቃድ መጠየቅ፣ ከጥቅሙም ማካፈል አለበት።

አክሊሉ ለማ በ1997 ዐረፉ። የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት አሁንም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አለ፤ በስማቸውም ይጠራል።

ቢልሃርዝያስ? በየትምህርት ቤቱ ልጆች በቁመታቸው ልክ እየተለካ ክኒን ይሰጣቸዋል፤ ምናልባት እናንተም ወስዳችሁ ይሆናል። ክኒኑ ትሉን ይገድላል እንጂ ዳግመኛ ከመያዝ አያድንም። ክኒኑን የወሰደ ልጅ በሳምንቱ ተመልሶ ወንዝ ይገባል፤ ቀንድ አውጣዎቹም እዚያው ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዐይቶ በ2017 ቀንድ አውጣን በኬሚካል ስለመቆጣጠር አዲስ የሥራ መመሪያ አሳተመ። መመሪያው የሚያተኩረው በኒክሎሳማይድ ላይ ነው።