ልደታ አየር ማረፊያ

ልደታ አየር ማረፊያ በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,360 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ ሜዳ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራውን የጀመረው እዚህ ሲሆን፣ መንገደኞች ወደ ቦሌ ከተዛወሩ በኋላ ሜዳው የጦር ሠራዊቱ ሆኗል።

ወደ አዲስ አበባ የመጣው የመጀመሪያው አውሮፕላን ግን ያረፈው ገፈርሳ ነበር። ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 አውሮፕላን ከጅቡቲ አብርሮ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ልደታ ስሙ የገነነው ከጣሊያን ወረራ ማብቃት በኋላ ነው። አየር መንገዱ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ አደረገ። በእጁ የነበሩት 5 ሲ-47 አውሮፕላኖች ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደርና ስንቅ እንዲያመላልሱ የተሠሩ ዓይነት ናቸው። የጦር አውሮፕላን መንገደኛ የጫነበት ሜዳ ኋላ ራሱ ወደ ጦሩ መግባቱ ልብ ሊባል ይገባል። ያን ጊዜ አስመራ በመኪና የሚሄድ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ የጣርማ በርን ዋሻ ሾልኮ፣ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ገና የደሴና የትግራይ ተራሮች ይቀሩት ነበር። በረራው ምን ያህል እፎይታ እንደነበር ከዚህ ይታያል።

የልደታን ዕጣ የወሰነው የከፍታው አየር ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ክንፉ አውሮፕላኑን ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ሞተሩም የሚስበው አየር ስለሚያንስ ጉልበቱ ይደክማል። ስለዚህ መንደርደሪያው መርዘም አለበት፤ ፀሐይ በበረታ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ሲ-47 ይህን ችሎት ነበር። አየር መንገዱ ያዘዛቸው ሁለት ቦይንግ 720ቢ ጄቶች ግን ከ707 አጠር ቀለል ብለው ለአጭር መንደርደሪያ የታሰቡ ቢሆኑም ልደታ አልበቃቸውም። ቦሌ የተሠራው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጄቶቹም በጥር 1955 ዓ.ም. መንገደኛ ማጓጓዝ ጀመሩ።

ጄት ያልቻለ ሜዳ ለሄሊኮፕተርና ለቀላል አውሮፕላን አያንስም። ልደታ በዓለም አቀፍ መዝገብ የጦር ሠራዊት አየር ማረፊያ ተብሎ ኤች ኤ ኤ ኤል የሚል መለያ ያገኘው በዚህ ሁለተኛ ዕድሜው ነው። በጉርብትናው የጦር ኃይሎች ሆስፒታል አለ፤ አካባቢውም በሆስፒታሉ ስም ይጠራል፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር የምዕራብ መጨረሻ ጣቢያም እንዲሁ። በሌላው ወገን ያለው ሰፈር ግን፣ መንገደኛው ከሄደ ከ60 ዓመት በኋላም፣ ኦልድ ኤርፖርት ነው።