አጋዘኑን ያዳነው ቀረጥ፦ የባልጩት ጠብመንጃና የአሜሪካ አደን ታሪክ

የፈረንጆች ገና በዋለ ማግስት፣ ዲሴምበር 26፣ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት ደኖች ውስጥ ግራ የሚያጋባ አደን ይጀመራል። የዛሬ ዘመን ሰው ዘመናዊ ጠብመንጃውን ቤቱ ትቶ፣ የ18ኛው ክፍለ ዘመን አዳኝ ይታጠቀው የነበረውን ዓይነት ይዞ በረዶ ውስጥ ይገባል። ባሩዱን በአፈሙዙ በኩል ያፈሳል፤ የእርሳሱን አረር በዘንግ ገፍቶ ያጎርሳል፤ ቃታውን ሲስብ ባልጩቱ ከብረት ተጋጭቶ እሳት ይፈነጥቃል። ባሩዱ እርጥበት ከነካው ጠብመንጃው ይከሽፋል። ተኩሶ ከሳተም ዳግመኛ እስኪያጎርስ ድረስ አጋዘኑ ከዓይን ርቋል።

አዳኙ ይህን የሚያደርገው ያለፈው ዘመን ናፍቆት ብቻ ይዞት አይደለም። ግዛቲቱ ይህን የዘገየ የአደን ወቅት በ1974 እ.ኤ.አ. ስትከፍት ፈቃዱን የሰጠችው በባልጩት ለሚተኩስ ጠብመንጃ ብቻ ነው። አዳኙ ተጨማሪ ቀናት ያገኛል፤ በምላሹ ደካማ መሣሪያ ለመያዝ ይስማማል። ከዚህ ስምምነት ጀርባ አንድ አገር ሊያጠፋው የደረሰውን እንስሳ እንዴት እንደመለሰ የሚናገር ረጅም ታሪክ አለ። ታሪኩ ከእንስሳ ፍቅር ይልቅ ስለ ገንዘብና ስለ ሕግ ብዙ ያስተምራል።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። በአማርኛ አጋዘን የሚለው ቃል ለሁለት የተለያዩ እንስሳት ይውላል። የባሌው የደጋ አጋዘን ቀንዱ ከራሱ አይወርድም። ጅራቱ ከሥር ነጭ የሆነው የአሜሪካው አጋዘን ግን የብርዱ ወራት ሲጋመስ ቀንዱን ይጥልና በየዓመቱ አዲስ ያበቅላል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸኛው ነው።

አውሮፓውያን ከመስፈራቸው በፊት በሰሜን አሜሪካ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ነጭ ጅራት አጋዘን እንደነበረ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። ከዚያ ቆዳው ሸቀጥ ሆነ። በ1700ዎቹ መባቻ ከቻርልስተን ወደብ ብቻ በዓመት በአማካይ ከ50 ሺህ በላይ የአጋዘን ቆዳ ወደ እንግሊዝ ይጫን ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ባቡር መጣ፤ ደጋግሞ የሚተኩስ ጠብመንጃ መጣ፤ ደኑም ተመነጠረ። ሥጋ ለከተማ ገበያ የሚያቀርቡ አዳኞች ወቅት ሳይሉ፣ እንስት ከወንድ ሳይለዩ ገደሉ። በ1900 አካባቢ በመላው አሜሪካ የቀረው አጋዘን ከግማሽ ሚሊዮን እንደማይበልጥ ይገመታል። በብዙ ግዛቶች ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር።

የመጀመሪያው መልስ ክልከላ ነበር። በ1900 የአዮዋው የምክር ቤት አባል ጆን ሌሲ ያቀረቡትና በስማቸው የሚጠራው ሕግ በአንድ ግዛት በሕገ ወጥ መንገድ የታደነ እንስሳን ወደ ሌላ ግዛት ወስዶ መሸጥን ከለከለ። የገበያ አዳኙ መተንፈሻ ተዘጋ። ፔንሲልቬንያ በ1895 የአደን ኮሚሽን አቋቁማ ነበር፤ በ1906 ከሌሎች ግዛቶች አጋዘን እየገዛች በደኗ መልቀቅ ጀመረች፤ በ1907 እንስት መግደልን ከለከለች፤ በ1913 ደግሞ ነዋሪዎቿን የአደን ፈቃድ እንዲያወጡ አስገደደች።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልመጣም። ለሽያጭ ሳይሆን ለቤቱ ድስት የሚያድነው ድሃ ገበሬም ከገበያ አዳኙ ጋር በአንድ ሕግ ተያዘ። በዚያ ምድር ለብዙ ሺህ ዓመታት ያደኑ ነባር ሕዝቦች፣ ባላወጡት ሕግ በገዛ አገራቸው ሕገ ወጥ አዳኝ ተባሉ። የአጋዘኑን መመለስ እንደ ድል የሚተርክ ሁሉ ይህንንም አብሮ መቁጠር ይገባዋል።

ክልከላ ብቻውንም አልበቃም። የደን ጠባቂ ደመወዝ ይፈልጋል፤ የእንስሳ መኖሪያ መሬት በገንዘብ ይገዛል፤ ቆጠራና ጥናት ባለሙያ ይጠይቃል። የአደን ፈቃድ ገንዘብ ቢሰበሰብም የግዛት ምክር ቤቶች ለመንገድም ለሌላም ጉዳይ ያዞሩት ነበር። በጠብመንጃና በጥይት ላይም የፌዴራል ቀረጥ ነበረ፤ ነገር ግን ወደ አጠቃላዩ ካዝና ገብቶ ይቀራል።

ለውጡ የመጣው በ1937 ነው። የኔቫዳው ሴናተር ኪይ ፒትማንና የቨርጂኒያው የምክር ቤት አባል ዊሊስ ሮበርትሰን ያቀረቡትን ሕግ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በሴፕቴምበር 2 ፈረሙበት። ሕጉ አዲስ ቀረጥ አልፈጠረም። የነበረውን ቀረጥ ለዱር እንስሳት ብቻ እንዲውል አሰረው። ገንዘቡ ለግዛቶች የሚከፋፈለው በቆዳ ስፋታቸውና ፈቃድ ባወጡ አዳኞቻቸው ቁጥር ነው። ለጸደቀ ሥራ የፌዴራሉ መንግሥት እስከ 75 በመቶ ይከፍላል፤ ቀሪውን ግዛቱ ይሸፍናል።

ዋናው ቁልፍ ግን ሌላ ነው። አንድ ግዛት ከዚህ ገንዘብ የሚደርሰው የአዳኞችን የፈቃድ ክፍያ ለሌላ ጉዳይ እንዳይውል በራሱ ሕግ ከከለከለ ብቻ ነው። የፈቃዱን ገንዘብ የነካ ከፌዴራሉ ድርሻ ይቀራል። የአካባቢ ፖለቲከኛ ያንን ሣጥን መክፈት ቢያምረውም ኪሳራው ከትርፉ እንዲበልጥ ተደረገ። ዛሬ ረጅም ጠብመንጃና ጥይት 11 በመቶ፣ ሽጉጥ 10 በመቶ ይቀረጣሉ፤ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የቀስት መሣሪያም ተጨምሯል። እስካሁን በዚህ መንገድ ለግዛቶች የተከፋፈለው ገንዘብ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው።

የአዳኝ ዕቃ ንግድም በዚሁ ሥርዓት ላይ አድጓል። የሜይን ግዛቱ ሊዮን ቢን በ1912 ከታች ጎማ፣ ከላይ ቆዳ የሆነ የአደን ቦት ጫማ ሠርተው ማስታወቂያውን የላኩት ከሌላ ግዛት መጥተው የሜይን የአደን ፈቃድ ላወጡ ሰዎች ነበር። የስም ዝርዝሩን የሰጣቸው የፈቃድ መዝገቡ ነው። ከመጀመሪያዎቹ 100 ጥንድ ጫማዎች 90ው ስፌታቸው ተተርትሮ ተመለሱ፤ ሰውዬው ገንዘቡን መልሰው ጫማውን አሻሻሉ። በፔንሲልቬንያ ደግሞ በ1830 የተመሠረተው ዉልሪች ይሸምነው የነበረው ቀይና ጥቁር የሱፍ ካፖርት የአዳኝ መለያ ልብስ ሆኖ ኖሯል። ሱፍ ቢርስም ሙቀት ይይዛል፤ ሲንቀሳቀሱበትም አይንኮሻኮሽም። በኋላ ግዛቶች ደማቅ ብርቱካናማ ልብስ አስገደዱ፤ ይህም አዳኝ አዳኝን እንዳይመታ ነው። የአጋዘን ዓይን ብርቱካናማን ከአረንጓዴ አጥርቶ አይለይምና አዳኙ በቀለሙ የሚጎዳው ብዙ አይደለም።

ዕቃው ከምንጊዜውም በላይ የሚፈተነው በዘገየው ወቅት ነው። የኖቬምበር የመራቢያ ጊዜ አልፏል፤ በጥይት ድምፅ የተደናገጠው አጋዘን ጥንቃቄ ተምሯል። ጉልበቱን ለመቆጠብ እንቅስቃሴውን ይቀንሳል፤ ነፋስ በማይደርስበት የጥድ ጥላ ይሰበሰባል፤ ወደ መብል የሚወጣው ባብዛኛው ሊመሽ ሲል ነው። አዳኙ ለሰዓታት ሳይንቀሳቀስ በብርድ መቀመጥ አለበት። እግሩና ጣቱ ከደነዘዙ፣ ባሩዱም ከራሰ፣ ቀኑ በከንቱ ያልፋል። የሕጉ ሐሳብም ይኸው ነው፤ ብዙ ሰው ብዙ ቀን ያድን፣ እንስሳው ግን የማምለጥ ዕድሉ ይጠበቅለት።

ሥርዓቱ ሠራ፤ ምናልባትም ከሚገባው በላይ። ዛሬ በአሜሪካ 30 ሚሊዮን ገደማ አጋዘን እንዳለ ይገመታል። ተኩላው ከምሥራቁ ደን ከጠፋ ቆይቷል። አጋዘኑ የዛፍ ችግኝ እየበላ ደኑ ራሱን እንዳይተካ ያደርጋል፤ በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የመኪና ግጭት ያስከትላል። ፔንሲልቬንያ ይህን ቀድማ ስላየች በ1923 እንስት እንዲታደን መፍቀድ ጀመረች። ለአሥርተ ዓመታት «እንስት አትግደል» ተብሎ የተማረው አዳኝ ግን በቀላሉ አልተቀበላትም። ስለዚህ ነው ዛሬ በብዙ ግዛቶች የዘገየው ወቅት ዋና ሥራው የእንስቶችን ቁጥር መቀነስ የሆነው።

አሁን ስምምነቱ ከሁለት ወገን ተይዟል። በአንድ በኩል አዳኙ እየሳሳ ነው፤ በ2016 የፌዴራሉ መንግሥት ባደረገው ጥናት ዕድሜያቸው ከ16 በላይ ከሆኑ አሜሪካውያን ያደኑት 11.5 ሚሊዮን ገደማ፣ ከመቶ 5 ያልሞሉ ነበሩ። ቀረጡን በብዛት የሚከፍለው ዛሬ ለዒላማ ልምምድና ራሱን ለመጠበቅ መሣሪያ የሚገዛው ሰው ነው። የዱር እንስሳት በጀት በሽጉጥ ገበያ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው፤ ይህ ብዙዎችን የሚያሳስበው በምክንያት ነው። በሌላ በኩል በ1967 በኮሎራዶ የታየውና መድኃኒት ያልተገኘለት፣ አጋዘኑን አክስቶ የሚገድል በሽታ ከ30 በላይ ግዛቶች ደርሷል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን የደጋ አጋዘን ለማደን አሜሪካውያንን ጨምሮ የውጭ አዳኞች ብዙ ዶላር ከፍለው ወደ ባሌና አርሲ ይመጣሉ። ክርክሩ ብዙ ጊዜ «አደን ይፈቀድ ወይስ ይከልከል» በሚለው ላይ ይቆማል። የአሜሪካው ታሪክ ግን ሌላ ጥያቄ ያስቀድማል፦ የተከፈለው ገንዘብ ወዴት ይሄዳል? ከእንስሳው ጋር ደኑን ለሚጋራው ገበሬስ ምን ይደርሰዋል? መልሱ በሹም ፈቃድ ላይ ከቆመ፣ ሹሙ ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል። ሩዝቬልት የፈረሙት ሕግ ከ85 ዓመት በላይ የዘለቀው ገንዘቡን ለመንካት የሚሞክረው ራሱ እንዲከስር አድርጎ ስለተጻፈ ነው።