ያገለገለ የካስት አይረን ቴስታታ ከመግዛት በፊት

ከጣርማ በር ተነሥቶ በመዘዞና በሞላሌ በኩል መሐል ሜዳ የሚዘልቀው መንገድም ሆነ ከጀማ ወንዝ ወደ ዓለም ከተማ የሚወጣው አቀበት የሞተርን ጉልበት የሚፈትኑ ናቸው። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ሲሶ የሚጠጋውን ያጣል። የአሮጌ ላንድሮቨር ወይም ላንድክሩዘር ባለንብረት ሞተሩን ሲያሳድስ “ትንሽ ጉልበት ይጨመርልኝ” ቢል አይፈረድበትም። ጉልበቱ የሚጨመረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በቴስታታው በኩል ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ በላንድሮቨር ላይ የተገጠመው ባለ 2.25 ሊትር የቤንዚን ሞተር፣ እንዲሁም የቶዮታ ኤፍ እና ቱ ኤፍ ሞተሮች ቴስታታቸው ካስት አይረን፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው። አሉሚኒየም አለመሆኑን ማግኔት በማስጠጋት ማረጋገጥ ይቻላል። ካስት አይረን ከባድ ነው፤ ሙቀትን ይችላል፤ በቀላሉም አይጣመምም። ሆኖም ከመጠን በላይ ግሎ ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ሲያገኘው ይሰነጠቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈለገው ስንጥቅ ነው። እንስራ የሚገዛ ሰው በጣቱ ኮርኮም አድርጎ ድምፁን እንደሚያዳምጥ ሁሉ፣ ቫልቮቹ የወለቁለትን ቴስታታ አንጠልጥሎ በትንሽ መዶሻ መታ ማድረግ ጠቃሚ ነው። ጥርት ብሎ የሚያስተጋባ ድምፅ መልካም ምልክት ሲሆን፣ የታፈነ ድምፅ ያጠራጥራል። ይህ ግን ጥርጣሬን ከማጫር አልፎ ማስረጃ አይሆንም። የተሻለው ዘዴ ገጹን አጥቦ በነጭ ጋዝ ማራስ፣ ጥቂት ቆይቶ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያም የጠመኔ ዱቄት መቀባት ነው። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ጋዝ ወደ ጠመኔው ወጥቶ መስመር ይሠራል። በተለይ በመግቢያና በመውጫ ቫልቭ መቀመጫዎች መካከል ያለው ቀጭን ስፍራ በጥንቃቄ ይታይ። የውኃው መተላለፊያዎች ተዘግተው በአየር ግፊት የሚደረገው ምርመራ ከሁሉም የታመነ ነው። ተበይዶ የተጠገነ ቴስታታ ሲያጋጥም ብየዳው እንዴት እንደተሠራ መጠየቅ ያስፈልጋል። ብረቱ አስቀድሞ ሳይሞቅ ከተበየደና በፍጥነት ከቀዘቀዘ፣ ከብየዳው ጎን አዲስ ስንጥቅ ሊወጣ ይችላል። ሻጩ “ምንም አልሆነም” ማለቱ ለዚህ ዋስትና አይሆንም።

ቀጥሎ የገጹ ልክነት ይለካል። ቀጥተኛ የብረት ማስመሪያ በቁመቱ፣ በወርዱና በአግድም ሰያፍ ተጋድሞ፣ በሥሩ የውፍረት መለኪያ ቅጠል ይሞከራል። የአምራቹ መጽሐፍ ሌላ ልክ ካልሰጠ በቀር፣ ከ0.1 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ያለው ቴስታታ መላግ አለበት።

ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ቴስታታው ሲላግ የማቃጠያው ክፍል ስለሚጠብ ጭመቁ ይጨምራል፤ አንዳንድ ባለንብረትም “ላጉልኝ፣ ጉልበት ይጨምራል” ይላል። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው። የላንድሮቨሩ ሞተር 2,286 ሲሲ ሲሆን ለአንድ ሲሊንደር 571.5 ሲሲ ይደርሰዋል። ጭመቁ 7 ለ 1 እንዲሆን ፒስተኑ ላይ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ ጋስኬቱን ጨምሮ 95 ሲሲ ገደማ፣ 8 ለ 1 እንዲሆን ደግሞ 82 ሲሲ ገደማ መሆን አለበት። የማቃጠያው ክፍል አፍ 50 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ አንድ ሚሊ ሜትር መላግ የሚቀንሰው 5 ሲሲ ብቻ ነው። ልዩነቱን በመላግ ለመሙላት ከሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል በላይ ብረት ማንሣት ይጠይቃል፤ ይህም ገጹን ያሳሳል፣ የቫልቭ መግፊያ ዘንጎቹንም ልክ ያዛባል። ስለዚህ ከፋብሪካው 8 ለ 1 ሆኖ የወጣውን ቴስታታ ፈልጎ መግዛት ይሻላል። ሁለቱ በዓይን ስለሚመሳሰሉ ካንዴላውን አስሮ፣ ቫልቮቹን ገጥሞ፣ አፉን ቀዳዳ ባለው መስተዋትና በግራሶ ዘግቶ፣ በሲሪንጅ ነጭ ጋዝ እየሞሉ ስንት ሲሲ እንደያዘ መለካት ያስፈልጋል። ጋዙ ወደ ቫልቩ በስተጀርባ ከፈሰሰም መቀመጫው እንደማይገጥም በዚያው ይታወቃል።

የቫልቭ መቀመጫው ሌላም ጉዳይ አለበት። እነዚህ ሞተሮች በተሠሩበት ዘመን ቤንዚን እርሳስ ነበረው፤ እርሳሱም የመውጫ ቫልቩን መቀመጫ ከመበላት ይጠብቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2006 መጀመሪያ ወዲህ ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች የሚሸጠው ቤንዚን እርሳስ አልባ ነው። መቀመጫው ወደ ውስጥ ሰምጦ ከተገኘ ጠንካራ የብረት ቀለበት ማስገባት ግድ ይላል፤ ወጪውም ከግዢው ዋጋ ጋር አብሮ ይታሰብ።

ለደገኛው አንድ ነገር መጨመር ይገባል። በ3 ሺህ ሜትር ከፍታ ክፍት ውኃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው ውኃው ቀድሞ ይፈላና አዲሱ ቴስታታ እንደ አሮጌው ይሰነጠቃል፤ ክዳኑ አብሮ ይለወጥ። ጭመቁ የጨመረ ሞተር በመንዝ አየር ሳያንኳኳ ቢሠራም፣ አየሩ ወፈር ወዳለበት ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ሊያንኳኳ ይችላል። በዚህ ጊዜ የእሳቱን ሰዓት ጥቂት ማዘግየት ያስፈልጋል።