«ስንት ኪሎ ያስቀንሰኛል?» ከማለታችን በፊት፦ የውፍረት ቀዶ ጥገና ታሪክ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ ተደጋግሞ ደርሶኛል። «ዶክተር፣ ጨጓራዬን ላስቆርጥ አስቤያለሁ፤ ስንት ኪሎ ያስቀንሰኛል?» የሚል ነው። አንዳንዱ የሚጠይቀኝ የአውሮፕላን ትኬት ከቆረጠ በኋላ ነው። ስለ ልጃቸው የሚጠይቁኝ እናቶችም አሉ። በሁለት መስመር መመለስ ይቻል ነበር፤ ግን የዚህን ቀዶ ጥገና ታሪክ ሳላወራ የምሰጠው መልስ ጎዶሎ ይሆንብኛል። ዛሬ ስለማነሳቸው የቀዶ ጥገና ዓይነቶች አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ሁሉም በመጀመሪያው ዓመት ኪሎ ቀንሰዋል። ልዩነታቸው የታየው ቆይቶ፣ በአምስተኛውና በአሥረኛው ዓመት ነው። (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው ከጨጓራ ሳይሆን ከአንጀት ነው። በ1954 አሜሪካ ውስጥ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ክሬመን፣ ሊነርና ባልደረባቸው ትንሹ አንጀት ሲያጥር ምን እንደሚከተል በውሾች ላይ ያጠኑትን አሳተሙ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ምግብ በአብዛኛው ወደ ደም የሚገባው በትንሹ አንጀት በኩል ስለሆነ መንገዱን ብናሳጥረው ሰውየው የሚበላው ሁሉ ሰውነቱ ውስጥ አይቀርም፤ ስለዚህ ይከሳል።

ቀጥሎ በሎስ አንጀለስ ፔይንና ዲዊንድ የተባሉ ሐኪሞች የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ከትልቁ አንጀት ጋር አገናኙት፤ ውጤቱንም በ1963 አሳተሙ። ዕቅዳቸው ታካሚው በደንብ ከከሳ በኋላ አንጀቱን ወደ ቦታው መመለስ ነበር። ታካሚዎቹ በእርግጥ ከሱ። ተቅማጡና የሰውነት ንጥረ ነገሮች መዛባት ግን ከባድ ነበር። አንጀታቸው ወደ ቦታው የተመለሰላቸው ደግሞ የቀነሱትን ኪሎ መልሰው ጨመሩት።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ከስልሳ ዓመት በፊት የታየ ነገር ነው፤ ግን ዛሬም ታካሚዎቼ ራሳቸውን የሚወቅሱበት ጉዳይ ነው። «ቀንሼ ነበር፣ ስንፍናዬ መልሶ አወፈረኝ» ይሉኛል። ስንፍና ብቻ አይደለም። ሰውነት የለመደውን ክብደት አጥብቆ ይይዛል፤ ሲቀነስበት ረሃቡን ይጨምራል፣ የሚያቃጥለውን ኃይል ይቆጥባል። ከ2021 ጀምሮ በአሜሪካ ለውፍረት በተፈቀደው ሴማግሉታይድ በተባለው መርፌም የታየው ይኸው ነው፤ መርፌውን ያቆሙ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው ጨምረዋል።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ከፔይን ሙከራ በኋላ በስፋት የተሠራበት ዘዴ የትንሹን አንጀት የመጀመሪያ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ከመጨረሻው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጋር መቀጠል ነበር። የአዋቂ ሰው ትንሹ አንጀት ስድስት ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ምግብ የሚያልፍበት ግማሽ ሜትር እንኳ አልሞላም። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይህን አደረጉ። እንደልብ እየበሉ መክሳት ነበር፤ ማን ይጠላል?

ዕዳው የመጣው ቆይቶ ነው። የማያቋርጥ ተቅማጥ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የቫይታሚን እጥረት፣ የኩላሊት ጠጠር፣ በአንዳንዶቹም ላይ የጉበት መድከምና ሞት። የኩላሊት ጠጠሩ ነገር ብዙ ያስተምራል። በየምግባችን ውስጥ ኦክሳሌት የሚባል ነገር አለ፤ በጤናማ አንጀት ውስጥ ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ ከሰገራ ጋር ይወጣል። አንጀት ሲያጥር ወደ ደም ያልገባው ቅባት ካልሲየሙን ይይዝበታል፤ ኦክሳሌቱ ብቻውን ይቀርና ወደ ደም ይገባል፣ ኩላሊት ውስጥም ጠጠር ይሆናል። ታካሚው ይህን ሁሉ አያውቅም። ልብሱ ሰፍቶት፣ ሰው «አማረብህ» እያለው ኩላሊቱ ይጎዳል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቀዶ ጥገናው ተተወ፤ ብዙዎችም ሁለተኛ ጊዜ ተከፍተው አንጀታቸው ተመለሰላቸው።

ጨጓራ ላይ ያተኮረው መንገድ የመጣው ኤድዋርድ ሜሰን ከተባሉ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ነው። በጨጓራ ቁስለት ምክንያት ጨጓራቸው በከፊል የወጣላቸው ሰዎች መወፈር እንደሚያቅታቸው አስተዋሉ። በ1966 ጨጓራውን ከላይ ትንሽ ከረጢት ብቻ አስቀርተው ከአንጀት ጋር በማገናኘት ባይፓስ የሚባለውን ጀመሩ። ብዙ ተሻሽሎ ዛሬም ይሠራል።

እኚሁ ሜሰን በ1980 ቀለል ያለ ሌላ ዘዴ አመጡ፤ አንጀት ሳይነካ ጨጓራውን በስቴፕል ከፍለው መውጫውን በቀለበት ማጥበብ ነው። እሱም ለዓመታት ተወዶ ቆየ፤ በኋላ ግን ብዙዎቹ መልሰው ወፈሩ። ሥጋውና ዳቦው አልወርድ እያለ ሲያስታውካቸው ወደ አይስክሬሙና ወደ ጣፋጩ ዞሩ፤ እሱ በጠባብ ቀዳዳም ያልፋል። ሜሰንን የማከብራቸው ግን ስለሌላ ነገር ነው። በ1980ዎቹ የታካሚዎችን ውጤት ለዓመታት የሚከታተል መዝገብ አቋቋሙ፤ የራሳቸውም ሥራ በዚያ መንፈስ ተመዘነ።

አሁን የእኛ ሰው ይመጣል። ዶክተር ምትኩ በላቸው ኢትዮጵያ ተወልደው ቤልጂየም ውስጥ የሠሩ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ናቸው። በሴፕቴምበር 1993 ዊ በምትባል የቤልጂየም ከተማ፣ ሆድ ሳይከፈት በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራ አስገብተው የሚጠብቅና የሚላላ የሲሊኮን ቀለበት በጨጓራ ላይ አሰሩ። በዓለም የመጀመሪያው ነበር። ባንድ የሚባለው ይህ ነው። ከቆዳ ሥር ባለች ትንሽ ማስገቢያ ፈሳሽ ሲጨመር ይጠብቃል፣ ሲቀነስ ይላላል። ምንም አይቆረጥም፤ ካስፈለገም ይወጣል። ለታካሚው የሆድ መከፈትን ፍርሃት ያስቀረ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ በ2001 አሜሪካም ፈቀደችው። የባንዱም የረጅም ጊዜ ሒሳብ ግን ቀስ እያለ መጣ። በአንዳንዶች ተንሸራተተ፣ በአንዳንዶች ጨጓራውን በልቶ ገባ፣ በሌሎች ደግሞ ኪሎው እንደታሰበው አልቀነሰም። ብዙ ሰው አስወጣው።

ዛሬ እናንተ «ጨጓራ ማስቆረጥ» የምትሉት ስሊቭ ነው። ከጨጓራው ሦስት አራተኛ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ተቆርጦ ይወጣል፤ የቀረው ሙዝ የመሰለ ቱቦ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ለብቻው አልነበረም፤ በጣም ወፍራም ለሆኑና ረጅም ቀዶ ጥገና ለማይችሉ ሰዎች እንደ አንደኛ ምዕራፍ ተሠራ። ብዙዎቹ በዚያው ስለከሱ ሁለተኛው ምዕራፍ ቀረ። ከባንድ የሚለየው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ የወጣው ጨጓራ አይመለስም። ቀድሞ ቃር የነበረበት ሰውም ሊብስበት ይችላል፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት ይህን ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ «አታድርጉ» ማለቴ ነው? አይደለም። ስዊድኖች ከ1987 ጀምረው 2,010 ቀዶ ጥገና ያደረጉ ሰዎችን ካላደረጉ 2,037 ተመሳሳይ ሰዎች ጋር ለዓመታት ተከታተሉ። በአማካይ 11 ዓመት ገደማ ውስጥ ካላደረጉት 129፣ ካደረጉት 101 ሰዎች ሞቱ። በ2020 የወጣው ውጤት ደግሞ ያደረጉት በአማካይ ሦስት ዓመት ያህል ዕድሜ እንዳገኙ አሳየ፤ ያም ሆኖ ከአጠቃላዩ ሕዝብ ያነሰ ነበር። ኪሎውን በተመለከተ፣ ባይፓስ ያደረጉት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከክብደታቸው 32 በመቶ ቀነሱ፤ በአሥረኛው ዓመት 25 በመቶ ሆነ። ባንድ ያደረጉት ከ20 ወደ 14 በመቶ ወረዱ። «ስንት ኪሎ?» ለሚለኝ ሰው ከሁለቱ ቁጥሮች ሁለተኛውን ነው የምነግረው።

ከቀዶ ጥገናው ጋር በተያያዘ የመሞት አደጋም አለ፤ ልምድ ባላቸው የአሜሪካ ማዕከላት በ2009 በወጣ ጥናት ከ1,000 ሰዎች 3 ያህሉ በ30 ቀን ውስጥ ሞተዋል። በዩታ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ካደረጉት መካከል በበሽታ የሚሞተው ሰው ሲቀንስ በአደጋና ራስን በማጥፋት የሚሞተው በዝቶ ተገኘ። የአእምሮ ጤናንና የመጠጥ ልማድን አስቀድመን የምንጠይቀው ለዚህ ነው፤ በተለይ ባይፓስ ላደረገ ሰው መጠጥ ቶሎ ወደ ደም ይገባል።

ለማን ነው? ከ1991 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት መለኪያው ቢኤምአይ 40፣ ወይም 35 ሆኖ ስኳርን የመሰለ ተጓዳኝ በሽታ ያለበት ሰው ነበር። ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 ለሆነ ሰው 40 ማለት 109 ኪሎ፣ 35 ማለት 95 ኪሎ ገደማ ነው። በ2022 የባለሙያ ማኅበራቱ ዝቅ አድርገውታል፤ 35 ለብቻው ይበቃል፣ ስኳር ካለ ደግሞ 30ም ይታሰባል። ሰርግ ስለደረሰ 10 ኪሎ ለመቀነስ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ስለ ልጆቻችሁ ለጠየቃችሁኝ እናቶች፦ በ2019 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ባይፓስ ያደረጉ ታዳጊዎችን ከአዋቂዎች ጋር አነጻጽሯል። በአምስት ዓመት ውስጥ የሁለተኛው ዓይነት ስኳር ከነበረባቸው ታዳጊዎች 86 በመቶው፣ ከአዋቂዎቹ 53 በመቶው ስኳራቸው ጠፍቶላቸዋል። በሌላ በኩል ግማሽ የሚጠጉት ታዳጊዎች የአይረን ክምችታቸው ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ተጨማሪ ቀዶ ጥገናም በብዛት ያስፈለጋቸው እነሱ ናቸው። ስለዚህ ልጃችሁ በየቀኑ ክኒን ይውጣል ወይ? በየዓመቱ ደሙ ይታያል ወይ? ይህን ከራሱ ከልጁ አፍ ስሙ።

ጾም ለምትጾሙ፦ ቫይታሚን ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። ከባይፓስም ሆነ ከስሊቭ በኋላ ከምግብ የሚገባው ይቀንሳል፤ በጾም ወራት ደግሞ ምንጩም የለም። ክኒኑ ወይም መርፌው ዕድሜ ልክ ነው፤ ለፕሮቲኑም አስቀድማችሁ አማክሩ። ሴቶች ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቢያንስ ከ12 እስከ 18 ወር ከማርገዝ እንድትቆዩ ይመከራል።

ውጭ አገር አድርጋችሁ የተመለሳችሁም አላችሁ። አስታወከኝ፣ እግሬ ደነዘዘኝ፣ ፀጉሬ ረገፈ ብላችሁ ስትመጡ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ ምን ዓይነት ቀዶ ጥገና እንደሆነ ነው፤ ብዙዎቻችሁ አታውቁትም። ከሆስፒታሉ ሳትወጡ የቀዶ ጥገናውን ወረቀት ተቀበሉ፤ ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። ማስታወኩ ለቀናት ከቀጠለ ግን ወረቀት አትፈልጉ፣ ቀጠሮም አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።