ዳኛው በልቷል?

የችሎቱንም የሜዳውንም ሰው "ዳኛ" ነው የምንለው። ጎጃም ውስጥ ችሎት ፊት ያለ ማስረጃ የሚሟገት ሰው ይሳቅበታል። ኳስ ላይ ግን ይቺን ወግ እንረሳታለን፤ ደብረ ማርቆስም ቡድናችን በተሸነፈ ቁጥር የምሰማው "ዳኛው በልቷል" ነው።

የሚበላ ዳኛ የለም አልልም። በ2016 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካና ሴኔጋል በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሲጫወቱ፣ ጋናዊው ጆሴፍ ላምፕቴ የኩሊባሊን ጉልበት የነካችውን ኳስ "እጅ ነው" ብሎ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ደቡብ አፍሪካ 2 ለ 1 አሸነፈች። በዚያ ሰዓት የውርርድ ገበያው ላይ ያልተለመደ እንቅስቃሴ ታይቶ ነበር፤ ማስረጃ ሆነበት። ፊፋ ዕድሜ ልክ አገደው። ጨዋታው በ2017 ተደገመ፤ ሴኔጋል 2 ለ 0 አሸንፋ ለሩሲያው ዓለም ዋንጫ አለፈች።

እኛስ? በ2010 ዓ.ም. በመከላከያና በወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ ጨዋታ ዳኛው እዛው ሜዳ ላይ ተደበደበ፤ ሊጉም ተቋረጠ። ምርመራ የለ፣ ምስክር የለ፤ ዱላው ቀደመ።

ወዳጆቼ፣ ሁሉንም "ሌባ" ካልን እውነተኛው ሌባ መሀላችን ይደበቃል፤ ንጹሑ ደግሞ ፊሽካውን ጥሎ ይሄዳል። ማስረጃ ያለው ያቅርብ። የሌለው ሽንፈቱን ይቀበል።